ከፊት ቦታ አለ

ኑ እስቲ ቁጭ በሉ። አንቺም ልጄ፣ በሩን ይዘሽ አትቁሚ፤ ከፊት ቦታ አለ፣ ጠጋ በይ። የማወራችሁ የአንድ ቀን ነገር ነው፣ ከጠዋት ሻይ እስከ ራት። ማንም አልሞተበትም፣ ማንም አልታሰረበትም። አንድ ሰው አንዲት ቃል ከአፉ አመለጠችውና ቀኑን ሙሉ ከእሷ ሲሸሽ ዋለ፤ ይኸው ነው ነገሩ።

ቅዳሜ ነው። ፀጉር ቤቱ ዋናው መንገድ ጥግ ላይ፣ በመድኃኒት መደብሩና በጫማ ሰፊው መካከል እንደ ሽብልቅ ገብቷል። ሁለት የሚሽከረከሩ ወንበሮች አሉት፤ የአንደኛው ቆዳ ተቀድዶ በጥቁር ፕላስተር ስለተለጠፈ ደንበኛ ሁሉ ሌላኛውን ነው የሚመርጠው። ወረፋ ለሚጠብቅ አንድ ረጅም አግዳሚ፣ መስኮቱ ላይ የኮሎኝ ጠርሙሶች፣ ፊት ለፊት ደግሞ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ መስታወት። ያን ዕለት አግዳሚው ላይ አራት ወንዶች ተደርድረው ስለ ዳቦ ያወራሉ። ዋጋው ባደገ ቁጥር ዳቦው እያነሰ መምጣቱን አንዱ በመዳፉ ይለካል፤ «ድሮ ይህን ያክል ነበር፣ አሁን ለአንድ ጉንጭ ነው» ይላል። ወሬውን ወደ ምርጫው ያዞረው ከአራቱ አንዱ፣ ታክሲ ነጂው ነው። ሰፈሩ «ፍሬን የለሽ» ይለዋል፤ ስለ መኪናው አይደለም፣ ስለ አፉ ነው።

«ያቺን ትኬት ቆራጭ አያችኋት?» አለ። «የመብራት ምሰሶው ላይ ፎቶዋ ተለጥፏል። ፓርላማ ልትገባ ነው አሉ።»

«የቷ ትኬት ቆራጭ?»

«የአውቶቡሷ ነቻ። ያቺ ‹ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ከፊት ቦታ አለ› የምትለው። እስቲ አስቡት፤ ምክር ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ እሷ በሩ ላይ ቆማለች፣ ‹እዛ ጋ ያሉት ሚኒስትር፣ ቦርሳዎን ከወንበሩ ላይ ያንሱልኝ፣ ወንበሩ ለሰው ነው› ስትል።»

አግዳሚው በሳቅ ተናወጠ። ፀጉር አስተካካዩም ሳቀ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ መቀሱን ከደንበኛው ጆሮ አርቆ፣ እንዳይቆርጠው ተጠንቅቆ፣ በደንብ አድርጎ ነው የሳቀው። ትኬት ቆራጯ ታላቅ እህቱ ናት። የአንድ እናት ልጆች ናቸው፣ አንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ፣ ያን ጠዋት እንኳ ከአንድ ማንቆርቆሪያ ሻይ ቀድተው ነው የተለያዩት። ቤታቸው ግን ከፀጉር ቤቱ ራቅ ይላል፤ እሷም የወንዶች መዋያ ነው ብላ ብዙ አትመጣም። ስለዚህ በዚያ ጥግ እህቱ መሆኗን የሚያውቅ የለም። ለምን አልነገርካቸውም ብትሉት «አልጠየቁኝማ» ይላችሁ ነበር።

ለምን እንደተወዳደረች ባጭሩ ልንገራችሁ። ወደ ሆስፒታሉ የሚወጣው አውቶቡስ ከመስመሩ ተሰረዘ። ነፍሰ ጡሩም፣ ሽማግሌውም፣ እግሩ የተሰበረውም ያንን ዳገት በእግሩ መውጣት ጀመረ። እሷ ለምን ብላ ጠየቀች። አለቃዋ ከበላይ ነው አላት። የበላዩም ከእኔ በላይ ነው አላት። በመጨረሻ አንዱ ሊያሾፍባት ፈልጎ «እሱን እንኳ ፓርላማ ነው የሚወስነው፣ እትዬ» አላት። «እንግዲያው እዚያ እሄዳለኋ» ብላ ወጣች። ቢሮው ሙሉ ሳቀባት። እሷ ግን ይሄ መንገድ ያደርሳል ከተባለች የምትሳፈር ሴት ናት። ፓርቲ የላት፣ መኪና የላት፤ ከሥራ ስትወጣ የደንብ ልብሷን ሳትቀይር በየበሩ እየዞረች «ደህና ዋላችሁ፣ እኔ ነኝ» ትል ጀመር።

ያን ጠዋት ሻይ ላይ አንድ የተጠቀለለ ወረቀት አቀበለችው። ፎቶዋ ነው። ለወትሮው በሻሽ የምትጠቀልለውን ፀጉሯን ተሠርታ፣ የጎረቤት ኮት ለብሳ፣ ዓይኗን ገልጣ ቀጥ ብላ ታያለች።

«ሁለት ነገር ብቻ፣ ወንድሜ» አለችው። «ይቺን ሱቅህ ውስጥ ለጥፍልኝ። ከሰዓት ደግሞ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ስብሰባ አለኝ፤ መጥተህ ከፊት ተቀመጥልኝ።»

«እኔ እኮ ንግግር አልችልም፣ እትዬ።»

«ማን ተናገር አለህ? መቀመጥ ብቻ። ሰው ከፊት መቀመጥ ይፈራል፤ የአሁኑ የምክር ቤት አባል ሰዎች እዚያው ቆመው ስለሚያዩ። አንድ ሰው ከተቀመጠ ግን ሌላው ይከተላል። አውቶቡስ ላይም እንደዚያ ነው።»

«እሺ» አለ። እሺ ማለት ሲፈልግ የሚለው እሺ አለው፣ ነገሩን ለመገላገል ሲፈልግ የሚለው እሺ ደግሞ አለው። የትኛው እንደሆነ እናታቸው ከጓዳ ሆነው ሰምተዋል። ሱቁን ሲከፍት ፎቶውን ዘርግቶ አየው፤ ከዚያ አራት አጥፎ መሳቢያ ውስጥ፣ ከፎጣዎቹ ሥር ከተተው። ማጣበቂያ የለኝም ብሎ ነው። ማጣበቂያው እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነበር።

ረፋዱ ላይ አንድ ጥቁር መኪና ደጁ ላይ ቆመ። አግዳሚው ላይ ያሉት ሳይነገራቸው ብድግ አሉ። የገቡት የአካባቢው የምክር ቤት አባል ናቸው፤ ሰዉ በፊታቸውም በሌሉበትም «ክቡርነታቸው» ይላቸዋል። ያን ወንበር ከያዙ ብዙ ዘመናቸው ነው። ክፉ ሰው ናቸው እንዳልላችሁ፣ አይደሉም። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው፣ የሰው ስም አይረሱም፣ ለቅሶ ካለ ይደርሳሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጺማቸውን የሚላጩት እዚህ ነው። ከመስታወቱ ጎን በመስታወት ክፈፍ የተሰቀለ ፎቶ አለ፤ እሳቸው ወንበሩ ላይ ተቀምጠው፣ ፀጉር አስተካካዩ ከኋላ ማበጠሪያ ይዞ ቆሞ። በዚያ ፎቶ የተነሳ ሰው «የክቡርነታቸው ፀጉር አስተካካይ» ይለዋል፤ እሱም ሲባል ደረቱን ነፋ ያደርጋል።

አረፋውን በብሩሽ ቀባቸው። ላጫቸው። ክቡርነታቸው አገጫቸውን ወደ ላይ ሰጥተውት ቆዩ። ሲጨርስ ምላጩን ጠርጎ፣ አጥፎ፣ መስታወቱ ሥር ያለችው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ በሙቅ ውኃ የተነከረ ፎጣ ጨምቆ ፊታቸው ላይ አለበሰ። ክቡርነታቸው ከፎጣው ሥር ሆነው ነው የጠየቁት።

«ምሰሶው ላይ ያለችው ሴትዮ ማናት? ታውቃታለህ?»

ፀጉር አስተካካዩ ቀና ሲል በመስታወቱ ውስጥ ራሱን አየ። ከራሱ ጀርባ አራቱን ወንዶች አየ፤ ሁሉም ጆሯቸውን ሰጥተዋል።

«አላውቃትም፣ ጌታዬ» አለ። በዚያ ቢያበቃ ምን ነበረ። ማንም ሳይጠይቀው ጨመረበት። «የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ናት አሉ። ምን ይታወቃል፣ ዘንድሮ የማይወዳደር ማን አለ።»

አግዳሚው ሳቀ። ክቡርነታቸው አልሳቁም። ፎጣውን ከፊታቸው አንስተው ተነሡ፤ ክራባታቸውን አስተካከሉ። በሩ ጋ ሲደርሱ፣ ሌላው እንዳይሰማ፣ እጃቸውን ትከሻው ላይ አድርገው ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ።

«እህትህን ሰላም በልልኝ። ጎበዝ ሴት ናት።»

ኩም አለ። መኪናው ከሄደ በኋላ እንኳ በሩን እንደያዘ ቀረ። ሰውየው አውቀው ነው የጠየቁት፤ ምን እንደሚል ሊያዩ። አዩ። ወደ ውስጥ ሲመለስ ደግሞ ያ መስታወት ጠበቀው። መስታወቱን ያመጣችለት ማን መሰለቻችሁ? ሱቁን መጀመሪያ ሲከፍት በጭነት መኪና ይሰበራል ብሎ ፈርቶ ነበር። እሷ በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ በምትሠራበት አውቶቡስ ጭና፣ መስመሩ እስኪያልቅ በሁለት እጇ አቅፋ ቆማ መጣች። ትኬት ስጪኝ ላላት ሁሉ «ዛሬ እጄ ሥራ ይዟል፣ በነፃ ሂዱ» አለች አሉ፤ ለዚያም ተቀጥታበታለች። ስንት ዓመት ፊት ለፊቱ ቆሟል፤ ያን ቀን ግን የከረከመውን ፀጉር ለማየት ቀና ማለት አቃተው።

ሰው ግን ራሱን የሚያባብልበት አያጣም። ለዚህ ሙያ ያስተማረው ሽማግሌ አንድ ሕግ ነበረው፦ ምላጭ ሥር ያለን ሰው አትከራከረው፤ ሲናደድ አንገቱን ያንቀሳቅሳል፣ ያኔ ትቆርጠዋለህ። የሚልህን ሁሉ እሺ በለው፣ እውነቱን ስትጨርስ ትነግረዋለህ። ፀጉር አስተካካዩ ይህችን ሕግ አገኛትና ሙጭጭ አለባት። ታዲያ ምን ልበል? ምላጭ ይዤ ነበራ። ደም ቢፈስ ማን ሊጠየቅ ነው? አንዱን ራስ ሲከረክም እንዲህ ሲል፣ ሌላውን ሲከረክም እንዲህ ሲል፣ ምሳ ሰዓት ላይ ምላጩ በእጁ እንደነበረ እሱ ራሱ አመነ።

ከሰዓት ሱቁን ዘግቶ ወጣ። ልሂድ፣ አልሂድ ሲል ትምህርት ቤቱ በር ላይ ራሱን አገኘው። ሜዳው ላይ የተማሪ ወንበሮች ተደርድረዋል። ሰው አልጠፋም፤ ግን ሁሉም የአጥሩን ጥላ ተደግፎ ቆሟል፣ ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። መንገዱ ማዶ አንድ መኪና መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ቆሟል፤ ውስጡ ያሉት ሁለት ሰዎች ማን ማን እንደመጣ ያያሉ። ከፊት ረድፍ አንዲት ሴት ብቻ ተቀምጠዋል፤ እናታቸው ናቸው። በትራቸውን በጉልበታቸው መካከል ተክለው፣ ከጎናቸው ባለው ወንበር ላይ ጥቁር ቦርሳቸውን አኑረዋል። ቦርሳው ለማን ቦታ እንደያዘ እሱ ያውቃል። ከዚያ ወንበር እስከ በሩ ድረስ ሜዳው ባዶ ነው፤ ያንን ባዶ ሜዳ ሁሉም እያየው ማቋረጥ አለበት። ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ሄዶ ቆመ።

እህቱ ድምፅ ማጉያውን ይዛ ወጣች። መጀመሪያ የጻፈችውን ስታነብ ድምፅዋ ቀጥኖ ምንም አይሰማም ነበር። ታንከሩ ጋ የቆመው ወንድምዋ ጆሮው ጋለ። በቃ፣ ተይው፣ ውረጂ ይላል በሆዱ። ከዚያ ወረቀቱን ኪሷ ከተተችና ቀና ብላ ሰዉን አየች።

«ምነው እዚያ ተፋፍጋችሁ? ከፊት ቦታ አለ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ» አለች፤ በአውቶቡሷ ድምፅ።

ሰዉ ሳቀ፤ ይሄኛው ሳቅ ግን ክፋት የለውም፣ ሰው የሚያውቀውን ድምፅ ሲሰማ የሚስቀው ነው። ከዚያ በኋላ ተሰማች። ስለ ዳገቱ አወራች፤ ምጥ ይዟት ግማሽ መንገድ ላይ ድንጋይ ላይ ስለተቀመጠችው ሴት፣ እሷን አውቶቡስ አስቁማ ስለጫነችበት ቀን። ሁለት ሴቶች ከአጥሩ ለቀቅ ብለው ወደ ወንበሮቹ ትንሽ መጡ፤ መኪናውን አዩና ቆሙ። አንድ ሰው ቢቀድማቸው ይቀመጡ ነበር። ይሄን እሱ ከታንከሩ ጀርባ ሆኖ አይቷል።

ይሄኔ ፍሬን የለሽ ከአጥሩ ሥር ጮክ አለ። «እትዬ ትኬት፣ ለመሆኑ የቤትሽ ሰዎች ይመርጡሻል?»

«ይመርጡኛል እንጂ» አለች ሳትናደድ። «ይቺውልህ እናቴ። ወንድሜ ደግሞ ዋናው መንገድ ጥግ ላይ ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው። ግማሻችሁ ራሳችሁን ለእሱ አምናችሁ ትሰጡ የለም? ማን እንደሆንኩ እሱን ጠይቁት።»

ከዚያ የጠዋቶቹ አራት ሰዎች አንድ ላይ ፈነዱ። አንዱ ሆዱን ይዞ ቁጢጥ አለ። «ጠየቅነው እኮ፣ ጠየቅነው» ይላል ትንፋሽ እያጠረው። አጠገቡ ያለው ምንድነው ሲለው በጆሮው ይነግረዋል፣ ያኛውም ለሌላው ይነግራል፤ ሳቁ በአጥሩ ሥር ተያያዘ። እህቱ ግን አብራ ፈገግ አለች። ስለ ጭንቅላታቸው የቀለደችው ያሳቃቸው መስሏት ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። እናታቸው ቀስ ብለው በበትራቸው ላይ ተደግፈው ዞሩ፤ አጥሩን አዩ፣ በሩን አዩ፣ ከዚያ ታንከሩን አዩ። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ምንም ምልክት አላሳዩትም። ተመልሰው ወደ ልጃቸው ዞሩ። ቦርሳቸውን ግን ከወንበሩ ላይ አላነሡም፤ እስከ መጨረሻው አላነሡም።

ማታ ቤት ውስጥ ሾርባና ዳቦ ቀርቧል። እህቱ እግሯን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክራ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ ግን ደስ ብሏታል። እናታቸው ዳቦውን ይቆርሳሉ። ለወትሮው ትልቁን ቁራሽ ለወንድ ልጃቸው ነው የሚያኖሩት፤ ያን ማታ እኩል እኩል ቆረሱት። ይህችን ማንም አላወራትም፤ ሦስቱም ግን አይተዋታል። ከጎረቤት ሬዲዮ ይመጣል፣ ይጠፋል።

«ሥራ በዝቶብህ ነው አይደል የቀረኸው?» አለችው። «ቅዳሜ እንደሆነ ረስቼው ነው። ይቅር፣ ሐሙስ ገበያው ጋ ሌላ አለ።»

ዳቦውን ሾርባው ውስጥ ነከረ።

«አንድ ነገር ግን አልገባኝም። አንተን ስጠራ ሳቁ። ‹ጠየቅነው› ይላሉ። ምን ጠይቀውህ ነው?»

እናታቸው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። እሱም ከዚያ በላይ መሸሽ አቃተው። ዓይኑን ሾርባው ላይ ተክሎ ነገራት፤ ክቡርነታቸው እንደመጡ፣ ማናት እንዳሉ፣ አላውቃትም እንዳለ። የጨመረባትንም አልደበቀም፤ «የማይወዳደር ማን አለ» ያላትን። ሲጨርስ እህቱ ዓይኗን ውኃው ውስጥ ባለው እግሯ ላይ ጣለች። ቢሰድቡት ይሻለዋል ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ።

«እየላጨሃቸው ነበር» አለች በመጨረሻ። «አዎ፣ ምላጭ ይዘህ ነበር። ያ ሽማግሌ ምላጭ ይዛችሁ ሰው አትከራከሩ ይላችሁ አልነበር? ቢቆረጡስ?»

አያችሁ፤ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የዋለውን ምክንያት እሷ ራሷ አንስታ ሰጠችው። አዎ ቢላት ያልቅ ነበር። አፉን ከፈተ፣ አዎ ሊልም ነበር።

«አይ፣ እትዬ» አለ። «ምላጩን አስቀምጬ ነበር። ፎጣ ነው የያዝኩት።»

«እንግዲያው ፈርተህ ነው።»

ይሄንንም አዎ አላለም። ፍርሃት በሆነ እንዴት በወደደ፤ የፈራን ሰው ማንም ይቅር ይለዋል። እሱ ግን ያን ሰዓት ያሰበው ሱቁን አልነበረም፣ ክቡርነታቸው ምን ያደርጉኛል ብሎም አልነበረም። ያሰበው የደንብ ልብሷን ነው። በትኬት ቀለም የጠቆረ አውራ ጣቷን፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ» የሚለውን ድምፅዋን፣ ያንን ሁሉ ከክቡርነታቸው ጋር ከተነሣው ፎቶ ጎን እንዴት አቆመዋለሁ ብሎ ነው። አፍሮባት ነው። ከፊቱ ይህንን አንብባ ጨረሰች። እግሯን ከውኃው አወጣች፣ በፎጣ አደረቀች፣ የውኃውን ሳፋ አንስታ ልትደፋው ወጣች። ለረጅም ጊዜ አልተመለሰችም። እናታቸው ከጠረጴዛው ላይ ፍርፋሪ በእጃቸው እየሰበሰቡ «ሐሙስም ቦርሳዬን ይዤ እሄዳለሁ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ያን ማታ የተናገሩት ይህችኑ ብቻ ነው።

ሐሙስ ሄደ። ማንም ሳይቀድመው መጥቶ ከእናቱ ጎን ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ባለውም ስብሰባ ሁሉ ከፊት ተቀመጠ። ሰው ግን እሱን አይቶ አልተከተለም፤ የፀጉር ቤቱ ወሬ ከእሱ ቀድሞ በየሰፈሩ ደርሶ ነበር። ወንድምዋ እንኳ አላውቃትም ያላትን ሴት ማን ብሎ ይመርጣል? ምርጫውን አላሸነፈችም፤ መቼም ይህን ገምታችሁታል። ክቡርነታቸው ወንበራቸው ላይ ናቸው። እሷም አውቶቡሷ ላይ ናት፣ ከአንዴም ሁለቴ ዳገቱን በተመለከተ ለአለቆቿ አቤት ብላለች፤ አሁንም ትላለች። ወንድምዋን አልተቀየመችውም ይላሉ፤ ጠዋት ሻይ ትቀዳለታለች። ግን ሁለተኛ «ይህን አድርግልኝ» ብላ ለምናው አታውቅም።

ፎቶውን ከመሳቢያው አውጥቶ ለጥፎታል። የክቡርነታቸው ክፈፍ ወርዶ ባዶ በቀረው ቦታ አይደለም፤ መስታወቱ ራሱ ላይ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ከፊቱ ጎን ፊቷን በሚያይበት ቦታ። በሙቅ ፎጣ ሊተኩሰው ሞክሮ ነበር። አራት የታጠፈበት መስመር ግን አልጠፋም፤ አንዱ ግንባሯን አቋርጦ፣ አንዱ በአፍንጫዋ ወርዶ እንደተጋደመ ነው። ክቡርነታቸው አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። ይላጫሉ፣ የእሷን ፎቶ ያያሉ፣ ምንም አይሉም። ፍሬን የለሽ እንኳ እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ አፉን ይይዛል። ሁሉም ያውቃልና የሚጠይቅ ጠፋ። ፀጉር አስተካካዩ ግን አንድ ሰው እስኪጠይቀው ይጠብቃል። ምላጩን ባስቀመጠ ቁጥር፣ ፎጣውን ባነሳ ቁጥር፣ በመስታወቱ ውስጥ የደንበኛውን አፍ ያያል።

እንግዲህ ልጆቼ፣ እኔ አርጅቻለሁ፣ ያንን መንገድ ዳግም አልሄድበትም። እናንተ ግን ባለፋችሁበት፣ ባይሆን ለኮሎኝ ያህል ገብታችሁ ተቀመጡ። ያቺን የታጠፈች ፎቶ አይታችሁ «ይቺ ማናት?» በሉልኝ። አደራ፣ እንዳትረሱብኝ።